ቦታና ጊዜ ከምን ተሸመኑ?

በእረፍት ቀናችን የጓደኛ ቤት ለመፈለግ በስልካችን ካርታ ስንከፍት፣ ካርታው የቆምንበትን የሚያውቀው በሰማይ ከሚዞሩ ሳተላይቶች በሚላክለት የሰዓት ምልክት ነው። የሳተላይቶቹ ሰዓት ግን ከምድር ሰዓት ጋር እኩል አይሄድም፤ በቀን 38 ማይክሮ ሰከንድ ያህል ይቀድማል። ማይክሮ ሰከንድ የአንድ ሰከንድ ሚሊዮንኛ ክፍል ናት፤ ኢምንት ናት። ይሁንና ባትታረም የካርታው ስህተት በአንድ ቀን ብቻ ወደ 10 ኪሎ ሜትር ይደርስ ነበር።

ሰዓቱ ተበላሽቶ አይደለም። የሚለያየው ጊዜ ራሱ ነው። ስበት በበረታበት ቦታ ጊዜ ይዘገያል፤ ስበት በላላበት ይፈጥናል። እዚሁ እኛ ያለንበት ከተማ ውስጥ 40ኛ ፎቅ ላይ የምትሠራ እህታችን ሰዓት፣ ምድር ቤት በር ከሚጠብቀው ወንድማችን ሰዓት ይቀድማል። ልዩነቱ በዓመት አንድ ማይክሮ ሰከንድ እንኳ ስለማይሞላ ነው የማንነቃበት።

እንግዲህ ቦታና ጊዜን ሁላችንም እንደ ቤት ወለል ነው የምናያቸው። ዕቃው ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ወለሉ ግን እዚያው ነው እንላለን። የፊዚክስ ተመራማሪዎች ግን ባለፉት ዘጠና ዓመታት ቀስ በቀስ ሌላ ሐሳብ ላይ ደርሰዋል፦ ወለሉ ራሱ መሠረት ላይሆን ይችላል፤ ከበታቹ ካለ፣ ቦታም ጊዜም ካልሆነ ሌላ ነገር የሚወለድ ሳይሆን አይቀርም። ይህ ጽሑፍ የዚያን ሐሳብ ታሪክ ይተርካል። ታሪኩ የሒሳብ ብቻ አይደለም። በ31 ዓመቱ የተገደለ ወጣት፣ ማንም ያላመነው የስደተኞች ልጅ፣ የቧንቧ ሠራተኛ የነበረ ሰውና ጽሑፉ ተቀባይነት ያጣበት መምህር አሉበት። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሁለት እውነቶች ሲጣሉ

ነገሩ የሚጀምረው ከሁለት ትልልቅ ግኝቶች ነው። የመጀመሪያው በ1900 ጀርመናዊው ማክስ ፕላንክ የጀመረው የኳንተም ፊዚክስ ነው። በዚህ ትምህርት መሠረት ተፈጥሮ በጣም ጥቃቅን በሆነው ደረጃ እንደ ውሃ አትፈስም፤ እንደ ጤፍ ፍሬ በፍሬ ናት። ከዚህም አልፎ አንዲት ቅንጣት የት እንዳለችና በምን ፍጥነት እንደምትሄድ ሁለቱን በአንድ ጊዜ በትክክል መናገር አይቻልም።

ሁለተኛው አልበርት አንስታይን በኖቬምበር 1915 ያቀረበው የስበት ትምህርት ነው። አንስታይን እንዳለው ስበት እንደ ገመድ የሚጎትት ኃይል አይደለም። ከባድ ነገር በዙሪያው ያለውን ቦታና ጊዜ ያጎብጣል፤ ሌላው ነገር በጎበጠው መንገድ ይሄዳል። የሳተላይቱ ሰዓት የሚቀድመውም ለዚህ ነው።

ሁለቱም ትምህርቶች በየፊናቸው ተፈትነው አልፈዋል። ስልክ ውስጥ ያለችው ቺፕ በኳንተም ትሠራለች፤ ካርታው የአንስታይንን እርማት ይዟል። አንድ ላይ ለማስቀመጥ ሲሞከር ግን አይስማሙም። ኳንተም የተጻፈው ቦታና ጊዜ ዝም ብለው ቆመው፣ ቅንጣቶች በላያቸው እንደሚንቀሳቀሱ ተደርጎ ነው። በአንስታይን ትምህርት ግን መድረኩ ራሱ ይንቀሳቀሳል። ታዲያ መድረኩም እንደ ቅንጣቶቹ እዚህም እዚያም ነው ሊባል ነው? አንስታይን ራሱ በ1916 ኳንተም አንድ ቀን የስበት ትምህርቱን ማሻሻሉ እንደማይቀር ጽፏል። ብዙዎቹ ግን ብርሃን ላይ የተሠራውን ሒሳብ በስበትም ላይ መድገም ብቻ ነው የሚቀረው ብለው ነገሩን አቅልለው አዩት።

ብሮንሽቴይን

ነገሩ ቀላል እንዳልሆነ መጀመሪያ የገባው ሰው ማትቬይ ብሮንሽቴይን ይባላል። በዲሴምበር 1906 በዛሬዋ ዩክሬን በቪኒትሲያ ከተማ ተወለደ። ገና በ18 ዓመቱ የፊዚክስ ጽሑፍ አሳተመ። በኋላ ሌኒንግራድ ሄዶ በፊዚክስና ቴክኒክ ተቋሙ ውስጥ ሠራ። ጓደኞቹ እነ ሌቭ ላንዳውና ጆርጅ ጋሞቭ ነበሩ፤ ሁለቱም በኋላ ስማቸው ዓለምን ያዳረሰ ሰዎች ናቸው።

በኖቬምበር 1935፣ የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር መረብን ተሻግሮ አገራችንን መውረር ከጀመረ ከአንድ ወር በኋላ መሆኑ ነው፣ ብሮንሽቴይን ስለ ስበትና ኳንተም የሠራውን የዶክትሬት ጽሑፍ ፈታኞች ፊት አቀረበ። በሚቀጥለው ዓመት ታተመ። መጀመሪያ ሌሎቹ ያሉትን አደረገ፤ ብርሃን ላይ የተሠራውን ሒሳብ ደካማ በሆነ ስበት ላይ ደገመና ተሳካለት። ከዚያ ግን ቆም ብሎ አንድ ተራ የሚመስል ጥያቄ ጠየቀ፦ በአንዲት ነጥብ ላይ ያለውን ስበት በእርግጥ መለካት ይቻላል ወይ?

እስቲ እንከተለው። የኤሌክትሪክ ኃይል በአንድ ቦታ ስንት እንደሆነ ለማወቅ፣ ኤሌክትሪክ የተሞላ ትንሽ ነገር እዚያ ታስቀምጣለህ፤ ምን ያህል እንደተገፋ ታያለህ። ልኬቱ ይበልጥ እንዲጠራ ከፈለግህ ዕቃውን ታሳንሰዋለህ፣ ታከብደዋለህ፤ የሚከለክልህ ሕግ የለም። ስበትን ስትለካ ግን ችግር አለ። የምትለካበት ዕቃ ራሱ ክብደት ስላለው ራሱም ስበት ይፈጥራል። በጣም ጠባብ ቦታ ለመለካት ብዙ ክብደት በትንሽ መጠን ማጨቅ አለብህ። ከተወሰነ ልክ በላይ ካጨቅኸው ደግሞ ብርሃን እንኳ የማይወጣበት ይሆናል። ዛሬ ብላክ ሆል የምንለው ማለት ነው። ስስ ሻሽ በወፍራም መርፌ ስትወጋው መርፌው ራሱ ይቀደዋል፤ የብሮንሽቴይን ነገርም እንደዚያ ነው። መለኪያው የሚለካውን ቦታ ያጠፋዋል።

የዛሬ ፊዚክስ ይህን ገደብ የፕላንክ ርዝመት ይለዋል። ርዝመቱ በሜትር ሲጻፍ ከነጥቡ በኋላ 34 ዜሮዎች ተደርድረው ነው 16 የሚለው ቁጥር የሚመጣው። ከዚያ በታች «እዚህ» እና «እዚያ» የሚሉት ቃላት ትርጉም የሚያጡ ይመስላል። ብሮንሽቴይን በጽሑፉ የደረሰበት ድምዳሜ ድፍረት የተሞላ ነበር፦ ይህን ችግር ለመፍታት የተለመደውን የቦታና የጊዜ ሐሳብ ራሱን ትተን ከእሱ የጠለቀ ሌላ ሐሳብ መፈለግ ሳይኖርብን አይቀርም አለ። ያኔ 28 ዓመቱ ነበር።

ብሮንሽቴይን ለልጆችም ይጽፍ ነበር። «የፀሐይ ንጥረ ነገር» የተባለው መጽሐፉ ሂሊየም የሚባለው ጋዝ ምድር ላይ ከመገኘቱ በፊት እንዴት ፀሐይ ላይ እንደተገኘ ይተርካል። በዚህ የልጆች መጻሕፍት ሥራ ያገዘችው አርታኢዋ ሊዲያ ቹኮቭስካያ ሚስቱ ነበረች።

በኦገስት 1937 ኪየቭ ወላጆቹ ቤት ሳለ ሌሊት መጥተው ወሰዱት። ዘመኑ በስታሊን ሶቪየት ኅብረት ሰው በሐሰት ክስ በገፍ የሚታሰርበት ነበር። በፌብሩዋሪ 18 ቀን 1938 ሌኒንግራድ ውስጥ ሞት ተፈረደበት፤ በዚያው ዕለት ተረሸነ።

ለሚስቱ ግን እንደተገደለ አልተነገራትም። የተነገራት «አሥር ዓመት፣ ደብዳቤ መጻጻፍ የተከለከለበት እስራት» የሚል ነው። በዚያን ጊዜ ይህ አባባል ብዙ ጊዜ ሰውየው ተገድሏል ማለት ነበር፤ ቤተሰብ ግን ይህን አያውቅም። ሊዲያ በእስር ቤቱ ደጅ ተሰልፋ ትጠይቅ ነበር። ከዘመድ ድምፅ ሳይሰሙ፣ ይኑር ይሙት ሳያውቁ ወራት መቁጠር ምን እንደሆነ ለዚህ መጽሔት አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። በ1939 እና በ1940 መካከል በነበረው ክረምት፣ ልጇ ስለታሰረባት አንዲት እናት ልብ ወለድ ጻፈች። መጽሐፉ በገዛ አገሯ የታተመው በ1988 ነው።

ስለ ስበትና ኳንተም የጻፈው ሥራም ከደራሲው ጋር የተቀበረ ያህል ሆነ። ውጭ አገር ያሉት ተመራማሪዎች ለብዙ ዓመታት ብዙም ሳያውቁት ቆዩ፤ እሱ የደረሰበትን ገደብ እንደገና በየራሳቸው መንገድ ደከሙበት። አንድ ሰው ሲገደል የሚጠፋው ያ ሰው ብቻ አይደለም፤ ሌሎች ከሱ የሚቀጥሉት መንገድም ነው።

የሻይ ስኒና ብላክ ሆል

ቀጣዩ እርምጃ የመጣው ከሠላሳ አምስት ዓመት በኋላ፣ በአሜሪካ ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ነው። ተማሪው ጄኮብ ቤከንስታይን ይባላል። ከፖላንድ ወደ ሜክሲኮ ከተሰደዱ አይሁዳውያን ወላጆች በ1947 ሜክሲኮ ሲቲ ተወለደ። መምህሩ ታዋቂው ጆን ዊለር ነበር።

ዊለር በኋላ እንደተረከው፣ አንድ ቀን ለተማሪው እንዲህ ብሎ ቀለደ። ትኩስ ሻይና ቀዝቃዛ ሻይ አንድ ላይ ባስቀምጥ ሙቀታቸው ይቀላቀላል፤ ዳግመኛም አይለይም። ይህን ያህል የዓለምን ሥርዓት አዛብቻለሁ። ግን ሁለቱንም ስኒዎች ብላክ ሆል ውስጥ ብጥላቸው የጥፋቴ ማስረጃ ይጠፋል ማለት ነው?

ቀልድ ይምሰል እንጂ ከባድ ጥያቄ ነው። ሻይ ውስጥ የገባ ስኳር ሟሙቶ ተመልሶ እንደማይለይ ሁላችንም እናውቃለን። ፊዚክስ ይህን የመደባለቅ ልክ ኢንትሮፒ ይለዋል፤ ሕጉም ኢንትሮፒ በጠቅላላው አይቀንስም የሚል ነው። ስኒው ብላክ ሆል ገብቶ ከጠፋ ግን ኢንትሮፒው ተሰወረ፤ ሕጉም ፈረሰ። ቤከንስታይን ከወራት በኋላ መልስ ይዞ ተመለሰ፦ ኢንትሮፒው አልጠፋም፤ ብላክ ሆሉ ራሱ ኢንትሮፒ አለው፤ ልኩም በገጹ ስፋት ይታወቃል አለ።

በ1972 እና 1973 ይህን ሲያሳትም የሚቀበለው አላገኘም ማለት ይቻላል። ከተቃወሙት መካከል አንዱ ስቲቨን ሆኪንግ ነበር። የብላክ ሆል ገጽ ስፋት እንደማይቀንስ ያሳየው ሆኪንግ ራሱ ስለሆነ፣ ይህ ወጣት ሥራዬን አለቦታው ተጠቀመበት ብሎ ተናደደ። መቃወሚያውም ጠንካራ ነበር፦ ኢንትሮፒ ያለው ነገር ሙቀት አለው፤ ሙቀት ያለው ነገር ያበራል፤ ከብላክ ሆል ግን ምንም አይወጣም፤ ስለዚህ ሐሳቡ ከንቱ ነው።

በ1974 ግን ሆኪንግ ኳንተምን ጨምሮ ሲያሰላ ያላሰበው ነገር ወጣ። ብላክ ሆል በእርግጥ ሙቀት አለው፤ እጅግ ደካማ በሆነ ጨረርም ያበራል። ተማሪው ልክ ነበር። የኢንትሮፒው ልክ የገጹ ስፋት፣ በፕላንክ መለኪያ ሲሰፈር፣ ሩብ ሆኖ ተገኘ። ቤከንስታይን በዚያው ዓመት ወደ እስራኤል ሄዶ በቤርሳቤህ ቤን ጉሪዮን ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመረ። ዛሬ ብዙ ቤተ እስራኤላውያን የሚኖሩባት ከተማ ናት። በ2015 እስኪሞት ድረስ በዚህ ጥያቄ ላይ ሠርቷል።

ይህ ውጤት ለምን ያስገርማል? አንድ መጋዘን ስንት ኩንታል እህል እንደሚይዝ የሚወስነው የውስጡ ይዘት ነው እንጂ የግድግዳው ስፋት አይደለም። ብላክ ሆል ግን የሚይዘው መረጃ በውስጡ ይዘት ሳይሆን በግድግዳው ልክ ሆኖ ተገኘ። ውስጡ፣ ያ ሰፊ የሚመስለን ቦታ፣ እንደሌለ ተቆጠረ።

በ1995 ደግሞ በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ያለው ቴድ ጃኮብሰን ነገሩን ገለበጠው። የቤከንስታይንን ሕግ መነሻ አድርጎ፣ ከሙቀት ሕግ ተነስቶ፣ የአንስታይንን የስበት ቀመር አወጣው። ይህ ምን ማለት ነው? ድስት ውስጥ ያለ ውሃ ይሞቃል፣ ይፈላል። አንዷን የውሃ ሞለኪውል ለብቻዋ ብታወጧት ግን «ትሞቃለች» ወይም «ትፈላለች» ማለት አይቻልም። ሙቀት የሚባለው ነገር የሚወለደው እጅግ ብዙ ሞለኪውሎች አንድ ላይ ሲንቀሳቀሱ ነው። ጃኮብሰን እንዳመለከተው ስበትም፣ የጎበጠው ቦታና ጊዜም፣ እንደ ሙቀት ሊሆን ይችላል። ከሥሩ ሌላ ነገር አለ፤ እኛ የምናየው የብዙውን ድምር ነው።

የቧንቧ ሠራተኛውና ሆሎግራሙ

በባንክ ካርድ ላይ የምትለጠፈውን የምታብረቀርቅ ምስል አይታችኋል። ጠፍጣፋ ናት፤ ዘንበል ስታደርጓት ግን ጥልቀት ያላት ይመስላል። ሆሎግራም ትባላለች። በ1993 ሆላንዳዊው ኼራርድ ት ሆፍት፣ በ1995 አሜሪካዊው ሊዮናርድ ሰስኪንድ የቤከንስታይንን ሐሳብ ወደ ዓለም ሁሉ አስፋፉት። ምናልባት በአንድ ቦታ ውስጥ የሚሆነው ነገር ሁሉ በዙሪያው ባለው ገጽ ላይ ተጽፎ ይሆናል፤ ጥልቀት የምንለው ከዚያ ጽሑፍ የሚነበብ ነው አሉ።

ሰስኪንድ የኒውዮርክ ብሮንክስ ልጅ ነው። አባቱ የቧንቧ ሠራተኛ ነበር፤ እሱም አባቱ ሲታመም ገና በጉርምስናው ያንኑ ሥራ ተረክቦ ሠርቷል። ከዚያ ተነስቶ ነው የስታንፎርድ ፕሮፌሰር የሆነው።

ሐሳቡ በሒሳብ የቆመው በኖቬምበር 1997 ነው። በቦነስ አይረስ የተወለደው፣ ያኔ 29 ዓመቱ የነበረው ሁዋን ማልዳሴና፣ ስበት ያለበት አንድ ዓለምና ስበት የሌለበት፣ በዚያ ዓለም ዳርቻ ላይ ያለ የኳንተም ሥርዓት አንድ ነገር መሆናቸውን አቀረበ። አንዱን ሒሳብ በአማርኛ፣ ሌላውን በግዕዝ እንደ መጻፍ ነው፤ ቋንቋው ይለያይ እንጂ የሚሉት አንድ ነው። የሚገርመው ግን ዳርቻው ላይ ያለው ሥርዓት ከውስጡ አንድ አቅጣጫ ይጎድለዋል። ያ የጎደለው አቅጣጫ ውስጡ ላይ ከየት መጣ? በ1998 ሳንታ ባርባራ ላይ በተደረገ ጉባኤ ተመራማሪዎቹ በማልዳሴና ስም ዘፈን አውጥተው ጨፈሩ። በፊዚክስ ጉባኤ እንዲህ ያለ ነገር ብዙ አይታይም።

ድር ቢያብር

የጎደለው አቅጣጫ ከየት እንደመጣ ለመረዳት አንድ የኳንተም ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ሁለት ቅንጣቶች በተወሰነ መንገድ ከተገናኙ በኋላ ቢራራቁም፣ እያንዳንዳቸው የየብቻቸው የተሟላ ሁኔታ የላቸውም፤ የተሟላው ሁኔታ የጋራቸው ብቻ ነው። ይህ የኳንተም ትስስር ይባላል። መልእክት አይላክበትም፤ የሁለቱ ውጤት ግን ሲወዳደር የተያያዘ ሆኖ ይገኛል። አንስታይንና ሁለት ባልደረቦቹ በ1935 ይህን ያነሱት ኳንተም አንድ ነገር ይጎድለዋል ብለው ለመሞገት ነበር። ሙከራው ግን ትስስሩ እውነት መሆኑን አሳየ፤ የ2022 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማትም ለዚህ ሥራ ነው የተሰጠው።

በ2006 ሺንሴይ ሪዩና ታዳሺ ታካያናጊ የተባሉ ሁለት ጃፓናውያን በማልዳሴና ዓለም ውስጥ አንድ ቀመር አገኙ። በዳርቻው ላይ ያሉ ሁለት ክፍሎች ምን ያህል እንደተሳሰሩ ለማወቅ፣ በውስጥ ያለ የአንድ ገጽ ስፋት መለካት ይበቃል። መልሱም እንደገና ያው የቤከንስታይንና የሆኪንግ ሩብ ነው።

ይህን ይዞ ወደ ፊት የሄደው በካናዳ ቫንኩቨር በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው ማርክ ቫን ራምስዶንክ ነው። ጥያቄው ቀላል ነበር፦ ዳርቻው ላይ ያለውን ትስስር ቀስ በቀስ ብንቀንሰው ውስጡ ምን ይሆናል? ሒሳቡ የሰጠው መልስ ሊጥ በሁለት እጅ እንደ መለጠጥ ነው። የውስጡ ቦታ ሁለት ወገን እየተራራቀ፣ መሃሉ እየቀጠነ ይሄዳል። ትስስሩ ፈጽሞ ሲጠፋ ይበጠሳል፤ አንድ የነበረው ቦታ ሁለት ይሆናል፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚወስድ መንገድ አይኖርም። እንግዲያው ቦታን ቦታ አድርጎ የያዘው ትስስሩ ነው ማለት ነው። እኛ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን። እዚህ ግን ድሩ ሲያብር የታሰረው አንበሳው የቆመበት ሜዳ ራሱ ነው።

ቫን ራምስዶንክ ይህን ጽፎ ለአንድ ታዋቂ መጽሔት ቢልክ ወዲያው መለሱለት። ለሌላ መጽሔት ቢልክ ከገምጋሚዎቹ አንዱ ክፉኛ ነቀፈው፤ አዘጋጁም ሙሉ በሙሉ ጻፈው አለው። በመሃሉ ግን አሳጥሮ ለአንድ የጽሑፍ ውድድር አስገባው፤ በ2010 አንደኛ ወጣ። ከሽልማቱ ጥቅሞች አንዱ ጽሑፉ በመጽሔት እንዲታተም መደረጉ ነው። መጽሔቱ ማን ይመስላችኋል? ያው እንደገና ጻፈው ያለው!

የውድድሩም ታሪክ ለብቻው ያሳዝናል። ያቋቋመው ሮጀር ባብሰን የተባለ አሜሪካዊ ነጋዴ ነው። እህቱ በልጅነቷ ወንዝ ውስጥ ሰጥማ ሞታበታለች፤ ወደ ታች የጎተታት ስበት ነው ብሎ ስበትን እንደ ጠላት ያየው ነበር። በ1940ዎቹ መጨረሻ ስበትን የሚከልል ነገር ይገኝ እንደሆነ ብሎ ውድድሩን ጀመረ። የሚከልል ነገር አልተገኘም። ያ የወንድም ሐዘን ያቆመው ሽልማት ግን ከስድሳ ዓመት በኋላ ስበት ከምን እንደሚወለድ ለሚጠይቅ ሰው በር ከፈተ።

እኛ ካለንበት አካባቢ

በዚህ ታሪክ ውስጥ የመካከለኛው ምሥራቅ ልጆችም አሉ። በ1960 ቴህራን የተወለደው ኩምሩን ቫፋ በ1996 ከአንድሪው ስትሮሚንገር ጋር ሆኖ፣ ለአንድ ልዩ ዓይነት ብላክ ሆል ኢንትሮፒው ከምን እንደሚመጣ አንድ በአንድ ቆጥሮ፣ የቤከንስታይን ቁጥር ልክ መሆኑን አሳየ። በቤይሩት አሜሪካን ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው ሊባኖሳዊው ዓሊ ሻምሰዲን ከፈረንሳዊው አላን ኮን ጋር፣ ቦታን ከነጥቦች ሳይነሱ በሌላ ዓይነት ጂኦሜትሪ መግለጽ ላይ ሠርቷል። ኒማ አርካኒ-ሐመድ ደግሞ ከኢራናውያን ወላጆች ነው የተወለደው፤ ቤተሰቡ ከአብዮቱ በኋላ ከኢራን ሲሸሽ ልጅ ነበር። በተራራ፣ በፈረስ ጀርባ ነው ድንበር ተሻግረው ቱርክ የገቡት። ዛሬ ፕሪንስተን ሆኖ፣ ቦታና ጊዜ ከፊዚክስ መሠረትነት መውረዳቸው አይቀርም ብለው ከሚከራከሩት ዋነኛው እሱ ነው።

ገና ያልተፈታው

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ እውነቱንም መናገር ያስፈልጋል፤ ነገሩ አላለቀም። የማልዳሴና ዓለም ዳርቻ ያለው፣ እንደ ሣጥን የተከበበ ዓለም ነው። የኛ ዓለም ግን እየሰፋ ነው፤ መስፋቱም እየፈጠነ እንደሆነ በ1998 ተረጋግጧል። በሣጥኑ ውስጥ የሠራው ሒሳብ እዚህ እንዴት እንደሚሠራ እስካሁን አልታወቀም። ሁለተኛ፣ በዚያ ሒሳብ ቦታ ከትስስር ሲወለድ ታይቷል፤ ጊዜ ግን ዳርቻው ላይ ቀድሞ አለ። ጊዜ ራሱ ጊዜ ካልሆነ ነገር እንዴት ይወለዳል? ይህ ከሁሉ የከበደው ጥያቄ ነው። ሦስተኛ፣ ሌላ መንገድ የሚከተሉም አሉ። እነ ህንዳዊው አባይ አሽቴካርና ጣሊያናዊው ካርሎ ሮቬሊ ቦታ ከጥቃቅን ቀለበቶች የተጠላለፈ ነው በሚለው መንገድ ይሠራሉ። ማን ልክ እንደሆነ ሒሳብ ብቻውን አይፈርድም።

የሚፈርደው ሙከራ ነው። በ2017 ሁለት ቡድኖች፣ አንዱ በሱጋቶ ቦዝ የሚመራ፣ ሌላው የኦክስፎርዶቹ ኪያራ ማርሌቶና ቭላትኮ ቬድራል፣ ተመሳሳይ የሙከራ ሐሳብ አቀረቡ። በዓይን የማይታዩ ሁለት ጥቃቅን ቁሶች ጎን ለጎን ይቀመጡ፤ እያንዳንዳቸው በኳንተም ሕግ በሁለት ቦታ ያሉ ያህል ይሁኑ፤ ከስበት በቀር ምንም አያገናኛቸው። ከዚያ በኋላ ተሳስረው ከተገኙ፣ ያሳሰራቸው ስበት ነውና ስበትም የኳንተም ጠባይ አለው ማለት ነው። ሙከራው እጅግ ረቂቅ ነው፤ ትንሽ ንዝረት ወይም አንዲት የአየር ሞለኪውል ታበላሸዋለች። ገና አልተሠራም፤ ለመሥራት ግን በየላቦራቶሪው እየተደከመበት ነው።

ጥያቄው ግን ብሮንሽቴይን በ1935 የጠየቀው ጥያቄ ልጅ ነው፦ በትንሽ ቁስ ስበትን ብንለካ ምን እናገኛለን? እሱ የጀመረውን እስከ ዛሬ ማንም አልጨረሰውም።

የሶቪየት መንግሥት በ1957 ብሮንሽቴይን ጥፋት እንዳልነበረበት አመነ፤ ስሙን መለሰለት። ሊዲያ ቹኮቭስካያ ለፍታ የልጆች መጽሐፉ በ1959 እንደገና እንዲታተም አደረገች። መቅድሙን የጻፈው የወጣትነት ጓደኛው ላንዳው ነው። ደራሲው ከተገደለ ከ21 ዓመት በኋላ፣ ሌኒንግራድ ያለ ልጅ መጽሐፉን ገልጦ ሂሊየም እንዴት ፀሐይ ላይ እንደተገኘ ማንበብ ቻለ።